ከብሩ በታች ያለው ስም

በእኛ መንደር፣ በዶክ ካሁ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲያመልጥ፣ ፍየል ከመንጋው ስትነጠል፣ ሴት ቂጣውን እሳት ላይ ጥላ ወደ ጎረቤት ብቅ ስትል የሚባለው አንድ ነገር ነው፤ «እንደ ፈዝላ ሸሸ!» እኔም ብያለሁ። አልደብቀውም። ልጄ ዘርቃ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ፀጉሯን ላበጥር ስይዛት አምልጣኝ በግቢው ስትሮጥ «ነይ እዚህ፣ አንቺ ፈዝላ!» ብዬ ጮህኩባት። ማይ ጂዋኒ፣ ማይ ማለት እማማ ነው፣ በራችን ላይ የውሃ ጀሪካኖቿን ከአህያዋ እያወረደች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ጀሪካኑን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ መሬት ላይ አሳረፈችው፣ ያ ብቻ።

ፈዝላ የማይ ጂዋኒ አያት ነው።

ስለ እሷ የምጽፈው ሰው እንዲያዝንላት ብዬ አይደለም። ሐዘኔታ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበዓል በበዓሉ፣ ከተረፈው ሥጋ ጋር ይደርሳታል። የምጽፈው ንዴቴ ገና ስላልበረደ ነው። ሲበርድም እንዳልረሳው ነው።

ቤተሰቧ ከጥንት ጀምሮ ውሃ ቀጂ ነው። አያቷ በፍየል ቆዳ ስልቻ ተሸከመ፣ አባቷ በጣሳ፣ እሷ በቢጫ ጀሪካን። ምንጩ ከመንደሩ ግርጌ፣ ከወይራዎቹ ሥር ነው። የማሊኮቹ ቤት፣ ማለት እኔ የተዳርኩበት የመንደሩ ሹሞች ቤት፣ አናቱ ላይ ነው። መንግሥት ቧንቧ ዘርግቶልናል፤ ውሃው ግን እንደ ሩቅ ዘመድ ሲመቸው ብቻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ማይ ጂዋኒ በስልሳ ስምንት ዓመቷም አህያዋን እየነዳች በቀን አራት ጊዜ ዳገቱን ትወጣለች። ምላሷ እንደ ምላጭ ነው። አንድ ቀን ዘግይታ ስትመጣ የባሌ ታናሽ ወንድም ታንቪር «ምነው ማይ፣ ሸሸሽ ብለን ነበር» ሲላት፣ «ብሸሽማ ኖሮ ይሄን ያህል ዓመት ጢማችሁን በምን ትታጠቡ ነበር?» አለችው። ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ታሪኩን መንደሩ የሚያውቀው እንዲህ ነው። ከዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በፊት የባሌ ቅድመ አያት ሸርባዝ ኻን በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ሱባዳር ነበር፤ ለአገሬው ሰው ከሚሰጠው የመኮንንነት ማዕረግ ትልቁ ሊባል ምንም አይቀረው። አፍሪዲ የሚባለውን ጎሣ ለመውጋት ወደ ቲራህ ተራሮች ሲዘምት የመንደሩን ውሃ ቀጂ፣ ፈዝላን፣ ይዞት ሄደ። ሱባዳሩ ኒሻን ደረቱ ላይ ሰክቶ ተመለሰ። ፈዝላ አልተመለሰም። መጀመሪያ ጠፋ ብቻ ነበር ወሬው፤ ኋላ ሱባዳሩ በምንጩ አጠገብ ሰው ሰብስቦ «ስልቻውን ጥሎ ወደ ጠላት ሸሸ» አለ። የፈዝላ ሚስት ባሏ ሲዘምት የአንድ ዓመት ልጅ ታጠባ ነበር። ያ ልጅ የማይ ጂዋኒ አባት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ማይ ጂዋኒ በተለያየ ቀን፣ ውሃ እየገለበጠች ነው የነገረችኝ፤ ተቀምጣ የማውራት ጊዜ ኖሯት አያውቅም። በአሥራ አምስት ዓመቷ አንድ ጥሩ ልጅ አጭቷት ነበር፤ እናቱ «የከዳተኛ ደም ቤቴ አይገባም» ብላ አፈረሰችው። በእጥፍ ለሚበልጣት፣ ሚስቱ ለሞተችበት ሰው ተዳረች። አንድ ወንድ ልጅ ወለደች፣ ኢናያት። ቁመቱ እንደ ዝግባ ነበር ይላሉ። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ሁለት እንጀራ አለው፤ ወይ ጦር ሠራዊት ነው ወይ የከሰል ጉድጓድ። ለሠራዊቱ የመንደሩ ሹም የጠባይ ወረቀት መፈረም አለበት። ሹሙ የባሌ አባት ማሊክ ገዘንፈር ናቸው። ኢናያት ወረቀቱን ይዞ ሲቀርብ በእንግዶች ፊት «የፈዝላ ዘር ጠመንጃ ይዞ ወዴት ሊሮጥ ነው?» ብለው መለሱለት። እንግዶቹ ሻያቸው እስኪፈስ ሳቁ። ኢናያት የከሰል ጉድጓድ ገባ። በሦስተኛው ዓመት ጣሪያው ወደቀበት። ሱሜራ የምትባል ሕፃን ትቶ ሄደ፤ ማይ ጂዋኒ አሳድጋ እስከ ስምንተኛ ክፍል አስተማረቻት።

ባለፈው ዓመት ለሱሜራ ከጎረቤት መንደር ጠያቂ መጣ። የልጁ አባት ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው፣ ሳርፈራዝ ይባላሉ፤ ልከኛ ሰው ናቸው። ሱሜራን ወደዷት። የፈዝላን ወሬ ግን ሰምተው ነበርና «የታንቪር ሠርግ ላይ ከማሊኩ አፍ እሰማና መልሴን እሰጣለሁ» አሉ።

ማይ ጂዋኒ ያን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ለመነችኝ። ጀሪካኑን እያነሣች፣ ፊቴን ሳታይ፣ «ለባልሽ አባት ንገሪልኝ» አለች። «ደግ ይናገሩልኝ አልልም። ዝም ይበሉ። ሲጠየቁ አላውቅም ይበሉ። አንድ ቀን ዝም ቢሉ ምን ይጎድላቸዋል?»

«እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

ነገርኳቸው። «አንቺ ሠርጉን አስቢ» አሉኝ።

አሁን ስለ ኒሻኑ ልናገር። በእንግዳ መቀበያው ክፍል በመስታወት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። በአንድ ወገን የእንግሊዟ ንግሥት ራስ፣ በሌላው ወገን ሁለት ወታደሮች ባንዲራ ይዘው። በዚህ ቤት ወንድ ልጅ ሲዳር ኒሻኑን ደረቱ ላይ ሳያንጠለጥል ሙሽራዪቱን ሊያመጣ አይነሣም። ከሠርጉ በፊት ደግሞ ከምራቶቹ የመጨረሻዋ በአመድና በጎምዛዛው የሁመር ፍሬ ታሸዋለች። የእኔ ባል ሲዳር ያሸችው የአጎቱ ሚስት ናት። አሁን ተራው የኔ ሆነ።

እኔ ሥራ ማንዛዛት አልወድም። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ባሌ ዋጂድ ባሕር ማዶ ሾፌር ነው፣ ለወንድሙ ሠርግ እንኳ ፈቃድ አላገኘም፤ ሠላሳ እንግዳ ቤታችን ሊያድር ነው። በጣቴ አመድ ስፈትግ ልውል? ውሃ አፈላሁ፣ ሁመሩን በተንኩበት፣ ኒሻኑን ከተትኩት፣ ከዚያም በድስት ማጠቢያ ሽቦ ፈተግኩት። መጀመሪያ ከጠርዙ ላይ ጥቁር ሰም ቀልጦ ወጣ። ቆሻሻ መሰለኝ። ቀጥሎ ብሩ ራሱ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነሣ።

«ወይ ጉዴ!» አልኩ። ከሥሩ የድሮ ሳንቲም መልክ ያለው ነሐስ ብቅ አለ። የመቶ ዓመት ኒሻን በአንድ ጠዋት የገደልኩ መሰለኝ። ወደ ብርሃን አወጣሁት፣ የቱን ያህል እንዳበላሸሁት ላይ። ሰሙ በወጣበት ጠርዝ ዙሪያውን ፊደል ተቀርጿል። እስከ አሥረኛ ክፍል የተማርኩት እንግሊዝኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ። ቁጥር አለ። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ቢሽቲ» ይላል፤ በእኛ ቋንቋ ውሃ ቀጂ ማለት ነው፣ እንግሊዞቹም ቃላችንን እንዳለ ወስደው ነው የቀረጹት። ከዚያ ስም። ፈዝል ዳድ። ከዚያ የሻለቃ ጦሩ ስም።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፈዝላ ድሃ ስለነበረ እንጂ ስሙ ፈዝል ዳድ ነው። በእኛ አገር የድሃ ስም ከራሱ በፊት ይቆረጣል።

ቀጥ ብዬ ወደ ቤቤ ሄድኩ። ቤቤ የማሊክ ገዘንፈር እናት ናቸው፣ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ቀኑን ሙሉ ጠፍር አልጋቸው ላይ ሆነው ጋያ ያንቦቀቡቃሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸው የጥንቸል ነው።

«ቤቤ፣ ይሄ ብር አይደለም።»

ኒሻኑን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «እጅሽ ከባድ ነው» አሉ። «ስንቷ ምራት አሽታው አለፈች፣ አንቺ ላጥሽው።»

«ያውቁ ነበር?»

ጋያቸውን ሁለት ጊዜ ሳቡ። «አማቴ ልትሞት ስትል ነገረችኝ። እኔም ልሞት ስል ልነግርሽ ነበር። ቸኮልሽ።»

«ይንገሩኝ።»

«ሱባዳሩ ከዘመቻ ሲመለስ አማቴን አገባ። ሁለተኛ ሚስቱ ናት። እሱ ጢሙን በሂና የሚቀባ ሽማግሌ፣ እሷ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ። አላናግርም አለችው። ምን ላድርግልሽ ቢላት፣ የብር አምባር። ብር ከየት ያምጣ? የገዛ ኒሻኑን ለአንጥረኛ ሰጠና አቀለጠው። የመኮንን ኒሻን ንጹሕ ብር ነበር። ጦርነቱ ካለፈ ማን ያየዋል ብሎ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የእንግሊዝ ንጉሥ ዘውድ ጫነ። ጡረተኛ ሁሉ ኒሻኑን አድርጎ አውራጃው ከተማ ይሰለፍ ተባለ። ሱባዳሩ ባዶ ደረት! በዚያው ወር ደግሞ ለፈዝላ ሚስት የሚሰጥ ትንሽ ጥቅል በእሱ በኩል መጥቶ ነበር። ለውሃ ቀጂዎችና ለበቅሎ ነጂዎች የነሐስ ነው የሚሰጡት። መልኩ አንድ ነው፣ ብረቱ ነው የሚለየው። አንጥረኛው ስሙን በሰም ደፈነ፣ ብር ለበጠበት።»

«ሴትየዋስ? የባሏን ብትጠይቅ?»

«እንዳትጠይቅ ነዋ ሸሽቷል ያለው። ለከዳ ሰው ኒሻን አይመጣም።» ቤቤ ጭሱን ለቀቁት። «ሰውየው ለቆሰሉት ውሃ ሲያደርስ ነው የሞተው። ሱባዳሩ ራሱ ለአማቴ ነግሯታል። ለየትኛው ቁስለኛ እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።»

ይህን ሁሉ ዓመት እኚህ ሴት ይህን አፋቸው ውስጥ ይዘው የማይ ጂዋኒን ውሃ ጠጥተዋል። «አምባሮቹስ?» አልኳቸው። «የት ገቡ?»

ቤቤ እጃቸውን ዘርግተው አንጓዬን ያዙ። በሠርጌ ቀን እሳቸው ራሳቸው ያጠለቁልኝ ሁለት ቀጫጭን የብር አምባሮች ቀጭ አሉ። «የት ይገባሉ?» አሉ። «ይኸው።»

የዚያን ቀን ሊጡን ሳቦካም ሆነ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር አምባሮቹ ይንቀጫቀጫሉ። በእነዚህ አምባሮች ልጆቼን አጥቤአለሁ። በእነዚህ አምባሮች ለማይ ጂዋኒ የተረፈ ቂጣ አቀብያታለሁ።

ማሊክ ገዘንፈር ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ከታንቪር ጋር የእንግዳ ወንበር ሲያስቆጥሩ አገኘኋቸው። ኒሻኑን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ምን አደረግሽው?»

«አጠብኩት። እርስዎ ያንብቡት።»

አላነበቡትም። አገላብጠው አዩትና ወደ ኪሳቸው ሊከቱት ሲሉ እጄን ዘርግቼ ያዝኩት፤ በዚህ ቤት ስድስት ዓመት ኖሬ እጃቸውን ነክቼ አላውቅም። ደንግጠው ለቀቁት። ቤቤ ያሉኝን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«እኔ አልሰረቅሁም» አሉ።

«እርስዎ ሰረቁ አላልኩም።»

«መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ነው።»

«ለእርስዎ መቶ ዓመት ነው። ለማይ ጂዋኒ ዛሬ ጠዋት ነው። ልጆቹ አህያዋን እየተከተሉ ምን እያሉ እንደሚሮጡ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የኢናያትን ወረቀት ያልፈረሙት መቶ ዓመት ሆነው?»

ታንቪር «እሜቴ፣ ተይ እንጂ፣ ሠርጌ ነው!» አለ።

«ነገ አንጥረኛው ጋ ይወሰዳል» አሉ ማሊክ። «እንደገና ይለበጣል። ታንቪር ያጠልቀዋል። አንቺም አፍሽን ትዘጊያለሽ።»

«ሃምሳ አለቃው ሲጠይቁዎትስ?»

«አባቴ ያሉትን እላለሁ።»

ይህን ሲሉ ሳቅ ብለው ነበር። ያቺ ሳቅ ናት የጨረሰችኝ።

ወንድ የማይነካው ዕቃ ቢኖር የዱቄት ጎታ ነው። ኒሻኑን ታች ድረስ ቀበርኩት። በማግሥቱ ታንቪር ሊወስደው ሲመጣ «ገና ሁመር ውስጥ ነው፣ አንድ ቀን ይቀረዋል» አልኩት። ሄዶ ለአባቱ ይህንኑ ተናገረ፤ ሁለቱም ሁመር ስንት ቀን እንደሚፈጅ ስለማያውቁ እስከ ሠርጉ ጠዋት በዚሁ አቆየኋቸው።

እኔ ግን ታንቪር በመጣበት ዕለት ገና ጎህ ሲቀድ ኒሻኑን በሻሼ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ምንጩ ወርጄ ነበር። ማይ ጂዋኒ ብቻዋን ናት፣ ጀሪካኑን ከምንጩ አፍ ሥር ደግፋ ይዛዋለች። ፈትቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩትና ያነበብኩትን፣ ቤቤ ያሉትንም ነገርኳት። ማንበብ አትችልም። «የቱ ነው ፈዝል የሚለው?» አለች። ጣቷን ይዤ አሳየኋት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፤ ስንጥቅጥቅ ያለ ጣቷ እየተያዘባት እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ጀሪካኑ ሞልቶ እግሯ ላይ መፍሰስ ጀመረ። አላነሣችውም። ማይ ጂዋኒ ውሃ ሲፈስ እያየች ዝም ስትል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ይህችን የምታክል ነገር» አለች በመጨረሻ። «ልጄን ጉድጓድ የከተተችው ይህችን የምታክል ነገር ናት?»

«ይቅር በይኝ» አልኳት። «ዘርቃን እንደዚያ ብዬ የጠራሁ ቀን…»

«ምን አጠፋሽ አልልሽም። አጥፍተሻል።» ኒሻኑን መልሳ ሰጠችኝ። «ያዢው። እኔ ብይዘው ሰረቀች ይላሉ። ዝም እንዲሉልኝ ነበር የለመንኩሽ፣ አይደል?»

«አዎ።»

«አሁን ዝምታቸውን አልፈልግም። በሠርጉ ቀን እመጣለሁ። መቼም ውሃ ሳይኖር ሠርግ የለም።»

በሠርጉ ቀን እኩለ ቀን ላይ ግቢው ጢም ብሎ ሞላ። ከበሮ መቺዎቹ ከበር ጀምረው እየዞሩ ይደልቃሉ፣ ድስቶቹ ውስጥ ሩዝ ይንተከተካል፣ ታንቪር በአበባና በብልጭልጭ ወረቀት ተጀቡኖ ላቡ ይንጠባጠባል። ማይ ጂዋኒ ከጠዋት ጀምሮ ስታመላልስ ውላ ሰባተኛውን ጀሪካን ይዛ ገብታለች። ሃምሳ አለቃ ሳርፈራዝ ነጭ ጥምጥም አድርገው ከማሊክ ጎን ተቀምጠዋል። እኔ በሴቶቹ በር ቆሜ ኒሻኑን በእጄ ጨብጬ ጆሮዬን አቁሜአለሁ።

«ማሊክ ጂ» አሉ ሃምሳ አለቃው፣ «ሙሽራው ሳይነሣ አንድ ቃል። ያቺ የውሃ ቀጂዋ የልጅ ልጅ… ልጁ ወዷታል፣ እኔም ጠባይዋን ወድጄዋለሁ። ግን የዘሩ ነገር እውነት ነው ወይ?»

ማሊክ ጢማቸውን ዳበሱ። «ወንድሜ፣ እኔ ምን ብዬ አሳስትሃለሁ? እንደ ፈዝላ ሸሸ የሚባለው ለምን ይመስልሃል?» በዙሪያቸው ያሉት ሳቁ። «ልጅህ ጥሩ ሯጭ ሚስት ከፈለገ…»

እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ምራት በወንዶች መካከል አቋርጣ አታልፍም፤ አለፍኩ። ከበሮው ቆመ። ኒሻኑን ለሃምሳ አለቃው ሰጠሁ።

«አጎቴ፣ እርስዎ ወታደር ነበሩ። ጠርዙን ያንብቡልን።»

ማሊክ «ግቢ ወደ ውስጥ!» አሉኝ። ሃምሳ አለቃው መነጽራቸውን አውጥተው ጠረጉት፣ ኒሻኑን ወደ ፀሐይ አዞሩት። እያዞሩ አነበቡ። እንደገና አዞሩት።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእኛ ነው፣ የሱባዳሩ ነው» አለ ታንቪር ከአበባው ውስጥ።

«የእናንተ አይደለም። ስም አለው። ቢሽቲ ፈዝል ዳድ ይላል።»

«ለከዳ ሰው ኒሻን ይሰጣል?» አልኳቸው።

«ለከዳ ሰው?» አሉ ሃምሳ አለቃው። «ለከዳ ሰው የሚሰጠው ገመድ ነው፣ ልጄ። ይሄ ሥራው ላይ ለቆመ ሰው ነው።»

ያን ጊዜ ጀሪካን መሬት ሲመታ ተሰማ። ማይ ጂዋኒ በሻሿ እጇን እየጠረገች መጥታ ማሊክ ፊት ቆመች። ሰው መንገድ ለቀቀላት።

«ገዘንፈር» አለች።

ማሊክም ጂም የለ፣ የአክብሮት ቃል አንድም የለ። በዚያ ግቢ ውስጥ ማንም፣ እናታቸው ካልሆኑ በቀር፣ በባዶ ስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም።

«ነገሩ ከዚህ ቤት አፍ ነው የወጣው። በዚህ ቤት አፍ ይመለስ። ተናገር።»

ማሊክ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። የሚስቅላቸው ሰው ፈለጉ። ቤቤ ከሴቶቹ በር፣ ከጠፍር አልጋቸው ላይ፣ «በል ተናገር አንተ! ሩዙ እየነደደ ነው፣ ሙሽራውም እየቀለጠ ነው!» አሉ።

«ፈዝላ አልሸሸም» አሉ ማሊክ፣ ለጫማቸው።

«ፈዝላ ማነው? እኔ ፈዝላ የሚባል ዘመድ የለኝም።»

«ፈዝል ዳድ… አልሸሸም።»

«ከበሮ መቺዎቹ አልሰሙህም።»

«ፈዝል ዳድ አልሸሸም!» ብለው ጮኹ፤ ጥምጥማቸው ዘመም አለ። «ቁስለኛ ሊያጠጣ ሄዶ ነው የሞተው! በቃሽ?»

«አልበቃኝም» አለች። «ግን ለዛሬ ይሁን።» እጇን ለሃምሳ አለቃው ዘረጋች። ኒሻኑን በሁለት እጃቸው፣ ለአለቃ እንደሚያቀብሉት አድርገው ሰጧት።

ታንቪር ሊያለቅስ ደርሷል። «እኔስ? ባዶ ደረቴን ልሄድ ነው?»

አምባሮቼን አወለቅኩ። ቀኙ ጠብቆ ቆዳዬን ይዞት ወጣ። ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። «ይኸውልህ የሱባዳሩ ኒሻን» አልኩት። «ደረትህ ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ አንጠልጥለው።»

ትልቁን ከበሮ የያዘው ሰውዬ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ሌላው። በዚያ ግቢ ሳቅ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲሄድ ያን ቀን አየሁ። ታንቪር ባዶ ደረቱን ሄደ፣ ሚስቱንም ይዞ ተመለሰ፤ ኒሻን ስላልነበረው ያነሰባት ነገር ያለ አይመስለኝም።

ማሊክ ገዘንፈር እስከ ዛሬ አያናግሩኝም። ሻይ ሳቀርብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ዋጂድ በስልክ «አባቴን በሰው ፊት አዋረድሽው» አለኝ፤ «አባትህ ማንን ሲያዋርዱ ኖሩ?» አልኩት፤ ዘጋብኝ፣ በሳምንቱ ደወለና የልጆቹን ጤና ጠየቀኝ። ይበርድላቸዋል። ማሊክ ዘርቃን ትከሻቸው ላይ ሳያስቀምጧት ውለው አያውቁም፤ እሷ ደግሞ ባለፈው ሰሞን ከዚያው ከትከሻቸው ላይ ሆና «ፈዝል ዳድ ማነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ውሃ ቀጂ ነበር አሏት። ይህም ለእኔ አንድ ነገር ነው።

ሃምሳ አለቃው በሦስተኛው ቀን የጣፋጭ ሳጥን ይዘው ማይ ጂዋኒ ቤት ሄዱ። «መልሳችን እሺ ነው» አሏት። ጣፋጩን ተቀበለች። «አሁን ደግሞ እኛ እናስብበት» አለቻቸው። ሱሜራ ከበሩ ኋላ ሆና ሰማይ የተደፋባት መስሏት ነበር አሉ፤ አያቷ ግን አራት ቀን ሙሉ አስባ ነው እሺ ያለችው። መብቷ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ማይ ጂዋኒ በራችን ላይ መጣች። ጀሪካኖቹ አህያዋ ላይ ናቸው። «ያንን ሽቦሽን አምጪልኝ» አለች።

አመጣሁላት። ደጃፋችን ላይ፣ ማሊክ ከመስኮታቸው በሚያዩበት በኩል፣ ቁጢጥ ብላ ተቀመጠችና ኒሻኑን ከአንገቷ ፈታችው። በንግሥቲቱ ፊትና በባንዲራው እጥፋት ውስጥ እኔ ያላዳረስኩት ብር ቀርቶ ነበር። እሷ እሱን መፈተግ ጀመረች። ልርዳሽ ብላት በክርኗ ገፋችኝ። ትፈትጋለች፣ ወደ ፀሐይ ታነሣዋለች፣ መልሳ ትፈትጋለች። ግራጫ አረፋ በጣቶቿ መካከል እየወረደ በደጃፋችን ድንጋይ ላይ ተንጠባጠበ። አንድም ነጭ ነገር እስከማይቀር ድረስ አላቆመችም።

ከዚያ አንዱን ሙሉ ጀሪካን ገልብጣ ድንጋዩን ወደ ግቢያችን፣ ወደ ውስጥ፣ አጠበችው።

«ብሩ የእናንተ ነው» አለች። «አንዲት ፍንጣሪ ይዤ አልወርድም።»